ቀዳዳ የሳተ ቁልፍ

አክስቴን ሠዓሊ ብሎ የጠራት ሰው ይቅርታ ሳይጠይቅ አይለቀቅም። «ሠዓሊ ሲያስብ የሚውል ነው፤ እኔ ታፔላ ጸሐፊ ነኝ» ትላለች። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ መሰላል ላይ ቆማ የሰው ሱቅ ስም ስትጽፍ ኖራለች። የራሷን ስም የጻፈችበት ግድግዳ ስለሌለ ይመስለኛል፣ ሰፈሩ «እትዬ ታፔላ» ብሎ ሰየማት።

ስለ ሥራዋ ያላት እምነት አጭር ነው። ፊደል ማለት መነጽሩን ቤቱ ረስቶ የወጣ ሰው ከመንገድ ማዶ ሆኖ የሚያነበው ነው። ሥዕል ደግሞ ፊደል ለማይቆጥረው የሚሳል ነው። መቀስ ከተሳለ ጸጉር ቤት፣ ጫማ ከተሳለ ጫማ ቤት። «መቀስ ስሎ ‹ይሄ የመለያየት ምሳሌ ነው› የሚል ሰው ጸጉሩ አድጎ ዓይኑን ይሸፍነዋል እንጂ የሚቆርጥለት አያገኝም» ስትል ሰምቻታለሁ። በጣም የታወቀላት ሥራ ለጥርስ ሐኪሙ የሳለችው የሚስቅ ጥርስ ነው። ጥርሱ ራሱ ጥርስ አለው። ጥርስ ለምን ጥርስ እንዳስፈለገው የጠየቀ ደንበኛ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ያመመው ሰው ዝርዝር አይጠይቅም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ለመድኃኒት ቤቱ አዲስ ታፔላ ስትጽፍ «መድኃ» ላይ ስትደርስ ብሩሹ ከእጇ ወደቀ። ወርዳ ልታነሳው ጎንበስ አለች፤ እጇ እምቢ አላት። ሰድባው ድጋሚ ሞከረች። ባለ መድኃኒት ቤቱ ብቅ ብሎ «እትዬ፣ ምነው ቆሙ?» ሲላት መልሷ ከአፏ በአንድ ወገን ብቻ ፈሰሰ። ሰውየው፣ ሐቁን መናገር አለብኝ፣ መኪና ለምኖ ወደ ሆስፒታል ያደረሳት እሱ ነው። ታፔላውን ግን የሚጨርስለት ሌላ ሰው አልፈለገም። አምስት ወር ሙሉ ሰፈሩ መድኃኒቱን የገዛው «መድኃ» ከሚባል ቤት ነበር። የተሻለው ሰው አለ መሰለኝ፣ ቅሬታ አልተሰማም።

ስትሮክ ነው ተባለ። ቀኝ ጎኗ፣ እጇ ከእግሯ የባሰ። የገባችበት ሆስፒታል እኔ መዝገብ ቤት የምሠራበት ስለሆነ በየሻይ ሰዓቱ እየሄድኩ ጠያቂዎቿን እታዘባለሁ። ጠያቂ ሁሉ አንድ ዓይነት ወሬ ይዞ ነው የሚመጣው።

«አይዞሽ እትዬ፣ የኔም አጎት ልክ እንዳንቺ ነበር ያደረገው።»

«አሁንስ እንዴት ነው?» ትላለች አክስቴ በተጣመመ አፏ።

«ነፍሱን ይማረው።»

ይህን ብለው፣ አጽናንተው፣ ብርቱካናቸውን ራሳቸው ልጠው በልተው ይሄዳሉ።

ስትረጋጋ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ተላከች። እዚያ የምትሠራውን ልጅ ታማሚው በሙሉ «ፊዚዮ» ይላታል፤ ትዕግሥቷ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። «ቀለም ትወጃለሽ አሉ» ብላ ለአክስቴ የልጆች ደብተርና የሰም እርሳስ ሰጠቻት። ደብተሩ ላይ ጥንቸል አለ። «ከመስመሩ እንዳይወጣ ሞክሪ እሺ፣ እትዬ?» ሠላሳ ሁለት ዓመት ከመስመር ወጥታ የማታውቅ ሴት ጥንቸሉን አየች፣ ፊዚዮን አየች፣ ቀኝ እጇን አየች። ከዚያ ቀባችው። ሲያልቅ ጥንቸሉ መኪና የገጨው ይመስል ነበር። አክስቴ ገጹን ገልብጣ ሁለት ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገረችም።

በክፍሉ ውስጥ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ እሱንም ስትሮክ ነው የመታው። ከቃላት ሁሉ የቀረለት አንድ ብቻ ነው፤ «ቅዳሜ»። ሻይ ሲፈልግ ቅዳሜ፣ ሲናደድ ቅዳሜ፣ ሲያመሰግን ቅዳሜ። ሚስቱ መጀመሪያ ሰሞን «ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው፣ አንተ ሰውዬ» እያለች ትከራከረው ነበር። በኋላ ሐኪሞቹ አስረድተዋት ዝም አለች፤ ከዚያም ቀስ በቀስ የትኛው ቅዳሜ ሻይ፣ የትኛው ቅዳሜ ስድብ እንደሆነ ለይታ አወቀች። ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር ስትኖር ከዚህ በላይ አዳምጣው እንደማታውቅ ራሷ ነግራኛለች።

አንድ ጠዋት አክስቴ ነርሷን «ዛሬ ማንም አያልብሰኝ» ብላ አስወጣቻትና መጋረጃውን ጎተተች። አርባ ደቂቃ ፈጀባት። ስትወጣ ሸሚዟን ለብሳለች፤ ከአምስቱ ቁልፎች አራቱ ተቆልፈዋል። ችግሩ የመጀመሪያው ቁልፍ የገባው በሁለተኛው ቀዳዳ መሆኑ ነው፤ የቀሩት እንደ በግ እሱን ተከትለው ሄደዋል፤ የመጨረሻው ቀዳዳ አጥቶ ቀርቷል። የሸሚዙ አንድ ወገን አገጯ ሥር፣ ሌላው ወገን ጭኗ ጋ። ኮሪደሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ አየ፤ ሁሉም ጨዋ ሆኖ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ሰው በሽተኛን አያርምም፤ ያዝንለታል፣ እሱ ይቀላል።

ሾፌሩ ብቻ ጣቱን ቀሰረና ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «ቅዳሜ!» አለ። «ቅዳሜ፣ ቅዳሜ!»

አክስቴ ዝቅ ብላ ደረቷን አየች። ከዚያ እሱን አየችው። «አንተ ደግሞ! ሱሪህን ገልብጠህ ለብሰህ በሰው ትስቃለህ?»

እውነትም ኪሶቹ እንደ ጥንቸል ጆሮ በውጪ ተንጠልጥለዋል። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ነርሷ ልታስተካክልላት ስትጠጋ አክስቴ እጇን መታ አደረገቻት፦ «ተይው! እኔ ነኝ የቆለፍኩት።» እንደዚያው ጠማማ ሆና ምሳ በላች፣ እንደዚያው ጠማማ ሆና እስኪመሽ ዋለች።

ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላም በሳምንት ሦስት ቀን ለፊዚዮ ትመላለስ ነበር። በዚያው ሰሞን ነው ሆስፒታላችን ሥዕል ያማረው።

አዲሱ ክንፍ ሊመረቅ ነው፤ ፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ፊት ለፊት አሥራ አራት ሜትር ባዶ ግድግዳ አለ። ባዶ ግድግዳ ታማሚን ያስተክዛል የሚል ጥናት አለ ተባለ። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ስሙ «የፈውስ ግድግዳ ኮሚቴ»። አባላቱ ዳይሬክተራችን፣ ዋናዋ ሲስተር፣ የንብረት ክፍል ኃላፊውና ከውጭ የመጣ የጥበብ አማካሪ ናቸው። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ድምፅ ስለሌለኝ ሁሉንም በደንብ ሰምቻለሁ።

አማካሪው በሙቀትም ስካርፉን የማይፈታ ሰው ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና «ፈውስ አይሳልም፤ ይጠቆማል» አለ። ሁሉም ራሳቸውን በኃይል ነቀነቁ። ያልገባው ሰው አነቃነቁ ጠንከር ይላል።

«በምን ይጠቆም?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«በምልክት። ርግብ። ቢራቢሮ፤ ከትል ወደ ክንፍ፤ ሽግግር ማለት ነው።»

ምልክት ርካሽ መሆኑ ሲታወቅ ሁሉም የየራሱን አመጣ። ሲስተር የሚደጋገፉ ሁለት እጆች ይኑሩ አለች። ዳይሬክተሩ የምትወጣ ፀሐይ አሉ። የንብረት ኃላፊው የተበጠሰ ሰንሰለት አለ፤ የተጠባባቂ ወንበሮችን ሁሉ እንዳይሰረቁ በሰንሰለት ያሰረው እሱ ራሱ ስለሆነ ነገሩ ከልቡ የመጣ መሰለኝ። ማን ይሳለው ሲባል ደግሞ አማካሪው ስካርፉን አስተካክሎ «እኔ ሐሳቡ ላይ ነኝ» አለ። ዳይሬክተሩ ወደኔ ዞሩ።

«አክስትሽ ሠዓሊ ናት አይደል? ለሷም ሕክምና ይሆናታል።»

በመሥሪያ ቤታችን «ሕክምና ይሆናታል» ማለት «በነጻ» ማለት ነው። ሄጄ ነገርኳት። ይቅርታዬን አስቀድሜ።

«በየትኛው እጄ?» አለች።

«በግራሽ።»

«ግራ እጄ የቀለም ቆርቆሮ ከመያዝ ሌላ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።» ግራ መዳፏን ገልብጣ አየችው። «ስንት ሜትር ነው ያልሽኝ?»

ዓይኗን ሳየው እንደምትመጣ አወቅኩ።

ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ በግራ እጇ፣ ሦስት ሳምንት ሠራች። የኮሚቴውን ዝርዝር ከግድግዳው ጫፍ ለጥፋ አንድ በአንድ ትፈጽማለች፤ ደንበኛ ያዘዘውን የምትጠይቅ ሴት አይደለችም። ግራ እጇ ግን የራሱ አስተያየት ነበረው። ርግቧ ወፈረች፤ እግሯ ረዘመ። የሚደጋገፉት እጆች ለመታገል የተያያዙ መሰሉ። ታማሚዎቹ ልምምዳቸውን ሲጨርሱ መጥተው ይቆማሉ፤ ትችት ደግሞ እግር አያስፈልገውም።

«ይቺ ዶሮ ጥሩ ናት» አለች የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ የምትመላለስ ልብስ ሰፊ።

«ርግብ ናት።»

«ታዲያ መሬት ላይ ምን ትጭራለች?»

ቢራቢሮውን ብል ነው ብለው በብል የተበሳውን የሆስፒታሉን ብርድ ልብስ ነገር አነሱ። ሰንሰለቱን ያዩት ደግሞ የሊፍቱ መስሏቸው «እሱ ነዋ ስድስት ወር የማይሠራው!» አሉ። የባሰው ግን የፀሐይዋ ነገር ነው። ከዘራውን ተደግፎ ሲያጠና የቆየ አንድ ሽማግሌ «እትዬ፣ ይቺ ፀሐይ እየወጣች ነው ወይስ እየገባች?» ብሎ ጠየቀ።

በሆስፒታል ውስጥ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ወሬው ዋርድ ለዋርድ ዞረ፤ ግማሹ ትወጣለች፣ ግማሹ ትገባለች አለ፤ የምትገባ የመሰላቸው ምግብ ቀነሱ። ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰበሰበ። የንብረት ኃላፊው የሕንፃውን ፕላን አምጥቶ ግድግዳው በምዕራብ በኩል መሆኑን፣ ስለዚህም ፀሐይዋ በሕጋዊ መንገድ እየገባች መሆኗን አረጋገጠ። አማካሪው ከሥሯ «ንጋት» ተብሎ ይጻፍ ሲል ዳይሬክተሩ «ታዲያ ምልክትነቱ ምኑ ላይ ነው?» ብለው አፋጠጡት። ከአንድ ሰዓት ከሩብ ክርክር በኋላ በቃለ ጉባኤ ቁጥር አራት ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ንጋት መሆኑ ይታወቅ ዘንድ አውራ ዶሮ እንዲጨመር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።» አክስቴ አውራ ዶሮውን ሳለችው። ርግቧም ብቸኝነቷ ቀለለላት።

ሐሙስ ዕለት የሾፌሩ ሚስት ከግድግዳው ፊት ቆማ ብዙ አየች። ትዝብትም ቀልድም አልነበራትም፤ ከልቧ ነው የምትጠይቀው።

«እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ምን ለማለት ነው?»

«ፈውስ ነው አሉ።»

ሴትየዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች፤ ተመለሰች። «እሱስ የታለ?» አለች ባሏን በአገጯ እያመለከተች። «ሰው የለበትም እኮ።»

አክስቴ ዞራ ግድግዳውን አየች። ብሩሿን ጣሳ ውስጥ አስቀመጠችና ያን ቀን አላነሳችውም። በማግስቱ ስመጣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ወንበሯን ወደ ልምምድ ክፍሉ በር አዙራ ተቀምጣለች። የሚወጣውን ሁሉ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፦ «ተሻለኝ ያልከው መቼ ነው?»

ሽማግሌው ዙሪያውን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሽንት ቤት ብቻዬን ገብቼ በሩን ከውስጥ የዘጋሁ ዕለት» አለ። «ከዘራዬን ይዤ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። አደራ፣ ለልጄ እንዳትነግሪ።»

ልብስ ሰፊዋ ማሰብ አላስፈለጋትም። «ምራቴ ስትሰድበኝ መልሼ የሰደብኳት ቀን። ሦስት ወር ሙሉ ‹እሺ ልጄ› ስላት ከርሜያለሁ፤ እሷም ሞቴ የቀረበ መስሏት ልብሴን ማከፋፈል ጀምራ ነበር።»

ሾፌሩ «ቅዳሜ» አለ። የሸሚዙን ቁልፍ በደህና እጁ ይዞ ጎተተ፤ «ቅዳሜ።»

«ባለፈው ሳምንት ራሱ ቆለፈው» አለች ሚስቱ። «ጠማማ ነው። እጄን እየበላኝ አልነካሁትም። እንደዚያው ሆኖ ገበያ ይዤው ወጣሁ፤ የፈለገ ይሳቅ ብዬ።»

አክስቴ ብሩሿን ከጣሳው አነሳች። ከዚያ ጠራችኝ። «ለአለቃሽ ደውይለት። ዝርዝሩን ትቼ ቁልፍ ልስል ነው በይው። ያለ ፈቃድ የደንበኛ ታፔላ አልቀይርም።»

ደወልኩላቸው። ምረቃው የሚቀጥለው ሐሙስ ስለሆነ ዳይሬክተሩ ስለ ድንኳን ከሦስት ሰው ጋር ይጨቃጨቁ ነበር። «አክስቴ ሥዕሉን ቀይራ ቁልፍ መሳል ትፈልጋለች» አልኳቸው።

«ቁልፍ?» አሉ። ትንሽ አሰቡ። «ቁልፍ! ግሩም ነው! የተዘጋውን የተስፋ በር የሚከፍት! እንዴት እስከ ዛሬ አልመጣልንም? ትልቅ ይሁን በያት። ጸድቋል!»

አፌን ከፍቼ ነበር። ላስረዳቸው ከፍቼው እንደነበር እምላለሁ። ስልኩን ዘጉት። እኔም ሥራዬ ነውና ጻፍኩ፦ «ቁልፍ፣ በትልቁ። ጸድቋል።»

ቅዳሜና እሑድ ቢሮ የሚሠራ ሰው ስለሌለ ማንም አልመጣም። ሰንሰለቱም፣ ፀሐይዋም፣ አውራ ዶሮው ከነወዳጁ በነጭ ቀለም ተሸፈኑ። በላያቸው ላይ አክስቴ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ፣ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰ የሰው ደረት ሳለች። ራሱ ከጣሪያው በላይ ቀርቷል፤ የማን ደረት እንደሆነ አይታወቅም። አምስት ቁልፎች፣ አራቱ በተሳሳተ ቀዳዳ፣ የታችኛው ቀዳዳ አጥቶ። የላይኛው ቀዳዳ ባዶውን ቀርቷል፤ አራተኛው ቁልፍ አጠገብ ሁለት ጣቶች አሉ፤ አሁን ቆልፈው ጨርሰው ገና ያልለቀቁ።

ጨርቁንና ጣቶቹን በግራዋ ሠራች። ቁልፎቹ ላይ ስትደርስ ብሩሹን ወደ ቀኟ አዛወረችው። ጣቶቿን አንድ በአንድ በግራ እጇ አጠፈቻቸው፣ ክንዷን ከሥር ደገፈችው፣ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ድሮ ክብ የምታወጣው ትንፋሽ ሳትስብ ነበር። አሁን የመጀመሪያው ቁልፍ ብቻ እስከ ምሳ ድረስ ፈጀ። ሲያልቅ ክብ አልነበረም፤ ድንች ነገር ነበር። ወደኋላ ሄዳ አየችው፤ ግንባሯን ላብ አጥምቆታል።

«ላስተካክለው እንዴ?» አልኳት።

«ማን ቆለፈው?» አለችኝ። ጣሳውን አቀበልኳት።

ሰኞ ጠዋት የዳይሬክተሩ ጩኸት መዝገብ ቤት ድረስ ተሰማ።

«ይሄ ምንድነው? ቁልፍ ብለሽኝ አልነበረም?»

«ቁልፍ ነው ዶክተር» አልኩ።

«የበር ቁልፍ ነዋ! እኔ ያጸደቅኩት የበር ቁልፍ ነው!»

ቃለ ጉባኤውን አሳየኋቸው። «በር» የሚል ቃል የለበትም። ሲስተር መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች። የንብረት ኃላፊው ስለ ሰንሰለቱ ሐዘን ተቀምጦ ነበር። አማካሪው ግን በጣም ነው የተቆጣው፦ «ይሄ የልብስ ማጠቢያ ማስታወቂያ ነው! ጥልቀቱ የት አለ? ቢያንስ በትክክል ይቆለፍ!» ይደምሰስ አለ። ዳይሬክተሩ ለምረቃው ሦስት ቀን መቅረቱን፣ ቀለሙ ማለቁን፣ የክብር እንግዳው መምጣታቸውን ነገሩት። አማካሪው ስካርፉን ፈታ፣ መልሶ አሰረ። ዓይኑን ጨፈነ።

«በእርግጥ…» አለ። «በእርግጥ ቁልፉ ነፍስ ነው። ቀዳዳው ተስፋ። አለመግጠማቸው የዘመናችን ሰው ስብራት። ይሄን እኮ እኔ ከመጀመሪያውም ሳስበው ነበር።»

አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ሰማችው። «የኔ ልጅ፣ ቁልፍ ነው» አለችው በትሕትና። «ቀዳዳ ተሳስቷል። ሰውየው ግን ለብሷል።»

ሐሙስ ምረቃው ደረሰ። የምረቃው መጽሔት አስቀድሞ ስለታተመ፣ ውስጡ ስለ ርግቧ፣ ስለ ሰንሰለቱና «ንጋትን ስለሚያበሥረው አውራ ዶሮ» ሁለት ገጽ ማብራሪያ ነበረበት። እንግዶቹ መጽሔቱን ይዘው ሸሚዙ ላይ ዶሮ ፍለጋ ገቡ። አንዲት ሴት ኪሱ ውስጥ ይሆናል ብላ ተጠግታ አየች። አማካሪው ስለ ነፍስና ስለ ቀዳዳ ሃያ ደቂቃ ተናገረ፤ አክስቴን «በእጃቸው ሥራ ያገዙን እናት» ብሎ አመሰገናት፤ ተጨበጨበለት።

የክብር እንግዳው ሪባኑን ቆርጠው ግድግዳውን ቀና ብለው አዩ። ሽማግሌ፣ ቀጭን፣ ለንግግር የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። ፈገግ አሉና በልምምድ ክፍሉ በር ወደተደረደሩት ታማሚዎች ዞሩ።

«ማነው እንዲህ አጣሞ የቆለፈው?»

ዳይሬክተሩ ደነገጡ። አማካሪው መልስ ሊሰጥ ጉሮሮውን ጠረገ። ያን ጊዜ ሾፌሩ የወንበሩን እጀታ ጨብጦ ለመቆም ሞከረ። ሚስቱ ክንዱን ያዘችው። አፉ ተንቀሳቀሰ፤ ቃሉን የለመድን ሁሉ «ቅዳሜ»ን ጠበቅን። ከንፈሩ ግን ሌላ ነገር ይፈልጋል፤ ይታገላል፤ ፊቱ ቀላ።

«እ…» አለ። «እኔ።»

ሚስቱ አፈጠጠችበት። ሰባት ወር ስሟን እንዲጠራት የጠበቀች ሴት ናት።

«እኔ?» አለችው እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ጠብቀህ፣ ከስንት ቃል መርጠህ ‹እኔ›? ሁልጊዜም ራስህን ነው የምታስቀድመው!»

ሳቁ ከታማሚዎቹ ወገን ተነሥቶ እንግዶቹ ጋ ደረሰ። አክስቴ ግን አልሳቀችም፤ ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛ ሾፌሩን ብቻ ታይ ነበር።

የሆነው ይሄው ነው። ሾፌሩ ከዚያ ወዲህ ቃላቱ አንድ አንድ እያሉ መጡለት፤ ሁሉም አልመጡም፤ የሚስቱ ስም ከመጡት መካከል ስለሆነ በትዳሩ ሰላም አለ። ፊዚዮ ታማሚዎቹን ቁልፍ ስታለማምድ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፤ ሳይስቅ የሚያልፍ የለም። አማካሪው «የስብራት ቀዳዳዎች» በሚል ርእስ በየቦታው ይናገራል አሉ። የአክስቴ እጅ ግማሽ መንገድ መጥቶ ቆመ። ፊደሎቿ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ፤ ደንበኞቿም ይሄ ዘመናዊ አጻጻፍ ነው ብለው እኛም እንደዚያ ይጻፍልን ይሏታል፤ እሷም አትከራከርም። ከሆስፒታሉ የምስጋና ወረቀት ተሰጥቷታል። «ለአቶ» ይላል። እንዲታረም በደብዳቤ ጠይቄያለሁ፤ ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ ገና አልተሟላም።

አሁን በየሐሙሱ ወደ ልምምድ ክፍሉ ትሄዳለች፤ የደረጃው ግድግዳ ባዶ ነው፤ ምን እንሳልበት ብላ ታማሚዎቹን ትጠይቃለች። ሰሞኑን አንዲት አዲስ የገባች ሴት፣ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት፣ ጠያቂ ያመጣላትን ብርቱካን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ ተቀምጣ ነበር። ተራው ሲደርሳት ዞር ሳትል መለሰች።

«እኔ ምንም አልተሻለኝም። አትጠይቁኝ።»

ሌሎቹ ሊያጽናኗት አፋቸውን ከፈቱ። አክስቴ በእጇ ዝም አሰኘቻቸውና ወንበሯን ወደ ሴትየዋ ጠጋ አደረገች።

«እንግዲያው ምንም አንስልም» አለች። «ግድግዳው የትም አይሄድ። ይልቅ ያንን ብርቱካን በየት በኩል ነው የሚላጠው? በአንድ እጅ እስካሁን አልሆነልኝም።»

ርእሰ መምህርቷ ዞራ ብርቱካኑን አየችው።